ያልጮኸው ፈላስፋ

ልጅ ሳለሁ፣ በሰቆጣ፣ አያቴ መሪጌታ ሐዲስ ማታ ማታ የሚያወጉን እንደ ሌላው ሰው ስለ ጅብና ስለ ጦጣ አልነበረም። እሳቸው የሚወዱት የጥንት ፈላስፎችን ወሬ ነበር። የወይራው ፍም አመድ እየለበሰ፣ የኩራዙ ጭስ የግድግዳውን ድንጋይ እያጠቆረ፣ ታላቅ ወንድሜ ካሳና እኔ ታናሽ እኅቱ ቁርበት ላይ ተቀምጠን እንሰማቸዋለን፤ እናቴም ከኋላችን ጥጥ እየፈተለች ታዳምጣለች።

ደጋግመው የሚነግሩን በሮም ስለነበረ አንድ ባሪያ ነው። ጌታው እግሩን ይዞ ሲጠመዝዘው ባሪያው ሳይጮህ «ይሰበራል» ይለዋል። ጌታው አልተወውም፤ እግሩ ተሰበረ። ባሪያውም በዚያው ድምፅ «ይሰበራል ብዬህ አልነበረም?» አለው። ያ ሰው በኋላ ነፃ ወጥቶ ታላቅ ፈላስፋ ሆነ። ሥጋም፣ ሀብትም፣ ሞትም በእጃችን አይደሉም፤ በእጃችን ያለው ልባችን ብቻ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። የመጀመሪያዎቹ የክርስቲያን መምህራን ከእንዲህ ያሉ ፈላስፎች ብዙ ወስደዋል ይሉን ነበር አያቴ፤ ቁጣን መግታትን፣ ምኞትን መግዛትን፣ ባሪያም ጌታም የአንድ አባት ልጆች ናቸው ማለትን። ያኔ አንድ ክርስትናን የሚጠላ ሰው ተነሥቶ፣ የእናንተ ክርስቶስ በመከራው ጮኸ፣ ባሪያው ግን አልጮኸም፣ ታዲያ ማን ይበልጣል ብሎ እንደተሳለቀም ነግረውናል። ካሳ መልሱን ሲጠይቃቸው ረጅም ትርጓሜ ሰጡት። ዓይናቸው የሚበራው ግን ስለ ባሪያው ሲያወሩ ነበር።

ካሳ ሲያድግ መሬቱ አልበቃንም። ከጎረቤታችን ወረዳ ከፃግብጂ ጎረምሶች ጋር ዐረብ አገር ብሎ ወጣ። ከወራት በኋላ አብሮት የሄደ አንድ ልጅ ተመልሶ፣ ጀልባዋ ባሕር ላይ እንደተገለበጠች፣ ካሳም እንዳልወጣ ለዘመዶቻችን ነገራቸው። እነሱም ጎህ ሲቀድ መጥተው በራችንን አንኳኩ። እናቴ ፊታቸውን ስታይ ገባት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በእናት ቋንቋዋ በኽምጥኛ የልጇን ስም እየጠራች መጮህ ጀመረች።

አያቴ ሁለት እጇን ያዙ።

«ዝም በይ ልጄ። እኛ ትንሣኤ ያለን ሰዎች ነን። ክርስቶስን የማያውቀው ባሪያ እንኳ እግሩ ሲሰበር አልጮኸም።»

እናቴ ካባቷ ቃል ወጥታ አታውቅም። ዝም አለች። ለቀስተኛው እየመጣ ሲያለቅስ እሷ ጥግ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ካሳ ሊያገኝ የሚችለው ልቅሶ ብቻ ነበር፣ እሱንም ከእናቱ አላገኘም። ሰዉ ግን የመሪጌታ ልጅ እንዴት ያለች ጨዋ ናት እያለ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እንዝርት አልነካችም። ካልጠየቋትም አትናገርም። ክረምት ገብቶ፣ አንድ ማታ አያቴ ለጎረቤት ልጆች ያንኑ ታሪክ ሲጀምሩ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«አባዬ፣ ያ ሰው የተሰበረበት የራሱ እግር ነው። ልጁ አይደለም።»

አያቴ ወደ እሷ ዞሩ።

«ጌታችንስ በወዳጁ መቃብር አላለቀሰም? እንደሚያስነሣው እያወቀ አላለቀሰም? ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ለት ለምን እሱን አልነገሩኝም?»

አያቴ ፍሙን ቆሰቆሱ። እንግዲያውስ አሁን አልቅሺ አሏት።

«አሁን ከየት ላምጣው?» አለችና ተነሥታ ወጣች።

ያን ታሪክ ዳግመኛ ሲያወጉት አልሰማሁም። ካደግሁ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ ስማር፣ ፈላስፎቹ ኀዘንን የነፍስ በሽታ ይሉት እንደነበር፣ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ግን ሌላውን ትምህርታቸውን ተቀብለው በዚህ እንዳልተከተሏቸው አወቅሁ፤ ልክ ያለውን እንባ አልነቀፉም። አያቴ ይህን ከእኔ አስቀድመው ያውቁት ነበር። የሚመረኝም እሱ ነው። ባያውቁ ኖሮ ይቅር ማለት በቀለለኝ።

እሳቸው ሲሞቱ የሰቆጣ ካህናት ተሰብስበው ቀበሯቸው። እናቴ ራስጌያቸው ቆማ ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኔ አጠገቧ ሆኜ አለቅሳለሁ። ክንዴን ጨበጥ ስታደርገኝ ልትገሥጸኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።

«አታቋርጪ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «የኔንም አልቅሺልኝ።»

አለቀስኩላት። የሰው እንባ ግን ለሌላ ሰው አይሆንም፤ ከመቃብሩ ስንመለስ እሷ እንደመጣችው ነበረች።