የዮናስ ተክል በሮቢት

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን እኔና መምህሬ ከደብረ ሲና ወርደን፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ቀወት ውስጥ ከዘመድ ተጠግተን ነበር። የወረድነው ደብራችን ስለተቃጠለ ነው። መምህሬ ዓይነ ስውር ናቸው፤ የብሉያትን ትርጓሜ በቃላቸው ይዘውታል። መጻሕፍቱ በቃጠሎው ስላለቁ፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ሳይሻገር እንዳይቀር ቀን ከሌት ይጨነቃሉ። እኔ ያኔ ሃያዎቹን አጋምሼ፣ እጃቸውን እየመራሁ የምማር ደቀ መዝሙር ነበርኩ።

ቆላው አልተስማማኝም፤ ወባ ያዘኝ። የጣሊያን መንገድ ሠሪዎች ሰፈር ኪኒን ይሰጣል ሲሉኝ እየጠላሁም ቢሆን ሄድኩ። ከመድኃኒቱ ድንኳን ደጅ ተራ ስጠብቅ አንድ ጢማም የካቶሊክ ቄስ ዳስ ሥር ተቀምጦ ትልቅ መጽሐፍ ያነባል። መጽሐፍ ከተቃጠለብኝ ጀምሮ መጽሐፍ ሳይ አላስችል ይለኛል፤ አንገቴን አስግጌ ተመለከትኩ። ግማሹ ገጽ የላቲን ፊደል ነው። ግማሹን ግን አይቼው አላውቅም፤ አራት ማዕዘን የሚመስል፣ ደማቅና ጥቁር ነው።

ቄሱ ቀና አለና ከመጽሐፍ በለቀመው አማርኛ፣ “ዳዊት ደግመሃል?” አለኝ።

“ደግሜያለሁ።”

ጣቱን ከአንዱ ፊደል ላይ አሳረፈ። “ይህ አሌፍ ነው።”

ጠጋ ብዬ አየሁት። የዳዊት ተማሪ ሁሉ አሌፍን ያውቃል፤ ረጅሙ መዝሙር በዕብራይስጥ ፊደላት ስም ስለተከፋፈለ ከልጅነታችን ጀምሮ ስማቸውን እንጠራለን። መልካቸውን ግን አንድም ቀን አላየሁም።

“ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ” አልኩ።

“ሄ፣ ዋው፣ ዛይ” አለ እሱ፣ በየፊደሉ ላይ ጣቱን እያስኬደ። ሁለታችንም እየተቀባበልን እስከ መጨረሻው ወረድን። ሳይታወቀኝ አንቱ ያልኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

“አባ፣ መጽሐፉ ምንድን ነው?”

“የነቢያት ትርጓሜ። የእኛ ሊቃውንት ዕብራይስጡን እያዩ የጻፉት ነው።”

ጾመ ነነዌ ተቃርቦ ነበርና ትንቢተ ዮናስን እያጠናሁ ነበር። ነቢዩን ከፀሐይ ያስጠለለው ተክል በእነሱ ዘንድ ምን እንደሚባል ጠየቅኋቸው።

ገጹን ቶሎ ቶሎ ገለጡ። “በዕብራይስጥ ቂቃዮን ይባላል። ግሪኮቹ ቅል አሉት፣ የእናንተም ከዚያ የመጣ ነው። ላቲኑ ግን ሐረግ አለው፤ በዚህ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረዋል። የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ ሁለቱንም አይቀበልም። ቅጠለ ሰፊ፣ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ፍሬው ዘይት ያለው፣ እኛ ሪቺኖ የምንለው ነው ይላል።”

“ሪቺኖ ምንድን ነው?”

የአማርኛውን ስም ፈለጉት፤ አጡት። ድንገት ተነሡና እጅጌዬን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ወሰዱኝ።

“ይኸው።”

ጉሎ ነው። ፍሬውን ወቅጠን ጠፍር የምናለሰልስበት፣ በየአጥሩ የሚበቅለው ጉሎ። ሳቄ መጣ። ዮናስ እኛ ቆላ ውስጥ የተቀመጠ መሰለኝ።

ወደ ቤት ሮጥኩ። አባ ከኋላዬ “ኪኒንህን!” እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ፤ አልተመለስኩም።

ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ ለመምህሬ ነገርኳቸው።

“የነገረህ የጣሊያን ቄስ ነው?”

“አዎ የኔታ።”

“ደብራችንን ያቃጠሉት ወገኖቹ መሆናቸውን ረሳኸው?”

“አልረሳሁም።”

 መምህሬ ዘንጋቸውን አነሡና “ውሰደኝ” አሉ።

“ወደ ሰፈሩ?”

“ወደ ጉሎው።”

አጥር ሥር ካለው ትልቅ ጉሎ ዘንድ ወሰድኳቸው። ቅጠሉን በሁለት መዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከመዳፋቸው ተርፎ ወጣ። ጥላው ሥር ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። የቆላ እኩለ ቀን ነው፤ ዙሪያውን ምድሩ ይፋጃል።

“ፀሐዩ ሸሸ” አሉ። “እስቲ አንዱን ቅርንጫፍ ቁረጥ።”

ቆርጬ አሸዋው ላይ ጣልኩት። ትል እንደመታው እንደ ዮናስ ተክል ብዙም ሳይቆይ ጠወለገ። እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲንጠለጠል ዳሰሱት፤ የቅርንጫፉም ውስጥ ባዶ መሆኑን በጣታቸው ፈተኑት። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ፤ ከቃጠሎው ወዲህ እንዲያ ሆነው አያውቁም።

“ያባቶችን አትተው” አሉኝ። “ቅል ነው በል። አንድም ጉሎ ነው በል።”

“ካቶሊክ አስተማረው ቢሉኝስ?”

“ዕብራይስጡን ጠቅሰህ ተናገር። ዕብራይስጡ የጣሊያን አይደለም።”

በማግስቱ ለኪኒኑ ስመለስ ይህንን ለአባ ነገርኳቸው። ዳሱ እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ከዚያም ከትርጓሜው ዳር በግእዝ ፊደል “አንድም” ብለው ጻፉ። መምህሬን ለማየት ብዙ ጓጉተው ነበር፤ መንገዱ ወደ አጣዬ ሲገፋ ግን ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር አብረው ተነሡና ሳይተያዩ ቀሩ።

የነነዌ ጾም ደረሰና ከቅዳሴ በኋላ ለገበሬው ሁለቱንም ትርጓሜ አሰማሁ። ጉሎ ስል ጉባኤው ተንጫጫ። እናቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ “ጉሎስ ልክ ነው፤ ግን ነቢዩ ምን ያህል ቁመት ነበራቸው?” ብለው ጠየቁ። ሌላው ደግሞ የእሱ ጓሮ ጉሎ በሬ እንደሚያስጠልል ማለ። ክርክሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ወንዙ መሻገሪያ አልበረደም፤ መምህሬም ትከሻዬን ይዘው ከመካከል እየሄዱ፣ “ቆይ፣ ያኛው ሰውዬ ያለውን ድገምልኝ” ይሉኝ ነበር።