ሰናይትን «ያሳበዳት» ኮምፒውተር

ይህ የደረሰው በ1991 ዓ.ም. መካኒሳ ውስጥ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኔና ጎረቤቴ ሰናይት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስን ሰፈራችን ያለ አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገባን። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ በገመድ የተያያዙ ነበሩ። ገመዱ ግድግዳውን አልፎ አስተማሪያችን ዳንኤል ቢሮ ድረስ ይዘልቃል። ዳንኤል ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ጌም ያለበት ዲስኬት እያመጣ በየኮምፒውተሩ ላይ ይጭንልን ነበር።

አንድ ቀን ሰናይት እየጻፈች ሳለ የሲዲው ማስገቢያ ማንም ሳይነካው ተከፈተ። በማግሥቱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ መጣባት፤ «ሰናይት፣ ዛሬ ለምን አልሳቅሽም?» ይላል። ጮኻ ተነሣች። እኛ ደርሰን ስናይ ጽሑፉ የለም።

ዳንኤል ከቢሮው ወጥቶ «ምን ሆነሻል? እንቅልፍ አልተኛሽም እንዴ?» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ ሲደጋገም መብላት ሁሉ አስጠላት። እናቷ እትዬ ብርቄ ከትምህርቱ አስቀርተው ጠበል ወሰዷት። ሰፈሩም «የብርቄ ልጅ ጨርቋን ልትጥል ነው» ማለት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ዳንኤልን ጥያቄ ልጠይቀው ወደ ቢሮው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጠች የሌላ ልጅ ጽሑፍ ነው። እሷ እዚያ ስትጽፍ እሱ እዚህ ፊደል በፊደል ያነባል። ከዚያ እሱ ራሱ አንድ ነገር ጻፈ። ወዲያው ከክፍሉ ጩኸት ሰማሁ።

«አንተ ነህ እንዴ!» አልኩት።

ዞር ብሎ ሳቀ። «ቀልድ እኮ ነው፤ ምን ታካብጃለሽ?»

ሮጬ የማሠልጠኛውን ባለቤት ጠራኋት። እሷም ባለሙያ አስመጣች። ሰውዬው መጀመሪያ ገመዱን ነቀለ። «የፊት በራችሁን ዘግታችሁ ስትቀመጡ የኋላውን ከፍቶባችኋል» አለን። ከጌሙ ጋር ዳንኤል ከቢሮው ሆኖ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያዝበት ፕሮግራም ተደብቆ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሣል። ከየኮምፒውተሩ እየፈለገ አጠፋው። አልጠፋ ባለበት ላይ ሁሉንም ነገር ደምስሶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው። ዲስኬቶቹንም አስጣለ።

ከዚያ በቀጥታ ሰናይት ቤት ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው እትዬ ብርቄ ደረታቸውን መቱ። ሰናይት ግን «እኔ እኮ ማበዴን አምኜ ነበር» አለች።

በማግሥቱ አብራኝ ወደ ማሠልጠኛው ሄደች። ዳንኤል ዕቃውን ሲሰበስብ አገኘነው። «ተደብቀህ የምትጽፍልኝን እስቲ አሁን ፊቴ ቆመህ በለው» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ይቅርታ እንኳ አልወጣውም። ብዙም ሳይቆይ ለቡ አካባቢ ሌላ ቦታ ማስተማር መጀመሩን ሰማን።

ሰናይት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ ልጆችም ወልዳለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዛሬም መካኒሳ ውስጥ አንዳንድ ሴቶች መንገድ ላይ ያቆሙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያቺ ጓደኛሽ፣ ተሻላት?» ይሉኛል።

«ምን አሟት ያውቃል?» እላቸዋለሁ።