የቀጥቃጭ ልጅ የበየደችው ማይክራፎን

የመጀመሪያዋን ሽቦ በይጄ እንደ ጨረስኩ ውሃ ውስጥ ነከርኳት። ጭስስ አለች። አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪዬ ብድግ ብሎ «አንቺ! ምን ነክቶሽ ነው? ማረሻ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ።

አዎ፣ ማረሻ መስሎኛል። ሌላ ምን ሊመስለኝ ኖሯል? አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለው የአሪ መንደራችን ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግኩት። እኛ ቤት የጋለ ነገር ሁሉ መጨረሻው ውሃ ነው፤ ማረሻም ሆነ ቢላ፣ ከእሳት ወጥቶ ውሃ ካልቀመሰ አይጠነክርም። ሽቦ ከሽቦ የሚያጣብቀው ሊድ ግን ሌላ ጠባይ ነው ያለው። በራሱ ጊዜ ካልበረደ ላዩ የያዘ መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። አስተማሪዬ ሽቦዋን በሁለት ጣቱ ነቅነቅ ቢያደርጋት ተላቃ እጁ ላይ ቀረች። «አየሽ? መታገሥ ነው። እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ፣ ሳትነፊበት» አለኝ።

ጋሼ እለው ነበር። ጂንካ ላይ ሬዲዮ ይጠግናል፤ አያቶቹ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። የወጣት ማኅበሩን የኪነት ቡድን ድምፅ ማጉያና ስፒከሮች የሚንከባከበው እሱ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የኪነት ቡድን የሌለው መሥሪያ ቤት እንኳ ያፍር ነበር።

እኔ ቡድኑ ውስጥ የገባሁት ልጨፍር ነው። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ጭፈራው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው፤ ታዲያ ወይ ጉድ! ከግራዬም ከቀኜም የቆሙት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። በእኛ አገር የቀጥቃጭ ልጅ እጅ አይያዝም። እሱ በጠጣበት ቅል ሌላ ሰው አይጠጣም። ሰው ቤት አይገባም፤ ደጅ ቆሞ ምግቡ በቅጠል ይሰጠዋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ጎጂ ባህል» እያለ ይህንኑ ሲያወግዝ አፉ አይደክምም። እኔን ግን ጭፈራው እንዳይበላሽበት ከሰልፉ አወጣኝና ሽቦ ተሸካሚ አደረገኝ። «ለጊዜው ነው» አለኝ። ለጊዜው የተባለ ነገር መቼ ሲያልቅ አይቼ!

ሽቦውን ተሸከምኩ። ግን ሽቦ ስሸከም ልኖር? በጭራሽ! ጋሼን አስተምረኝ እያልኩ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ በጄ አለ። ጉብዝናዬን አይቶ ነው ብል ውሸት ነው፤ ዓይኑ እየደከመበት ስለ ነበር ሰው ያስፈልገው ነበር። ያም ሆኖ በራሱ ብርጭቆ ሻይ አጠጥቶኛል። ይህን ውለታ አልበላም።

ቀን መብራት ስለማይኖር የምንሠራው ጫፉ መዳብ በሆነ፣ ከሰል ውስጥ በሚግል የብየዳ ካውያ ነበር። ከሰሉን ማንም አላስተማረኝም፣ እሱ የአባቴ ቤት ትምህርት ነው። ሌላውን ግን እንደ ሕፃን ከሀ ጀመርኩ። ካውያውን ሊዱ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ማሳረፍ፤ ሽቦው ከሞቀ ሊዱ ራሱ ፈስሶ ይገባበታል። ሲበርድ ካበራ ይዟል፤ ከደበዘዘ ግን ዋሽቶሻል፣ አፍርሰሽ ድገሚው። በአንድ የሞተ ሬዲዮ ላይ እየፈታሁ እየበየድኩ ጣቶቼ እስኪላጡ ተማርኩ። አንድ ቀን ሊዱን ለአባቴ ባሳየው በጥፍሩ ጫር አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምን ብረት ይባላል? እንደ ቅቤ የሚቀልጥ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «እና አሁን እጅሽን ይይዙሻል?» አለኝ። ሊዱን ከእጁ ነጠቅሁት። በእሱም፣ በእነሱም፣ በራሴም ተናደድኩ።

በዚያው ሰሞን በበና አገር፣ አልዱባ ላይ፣ በገበያ ቀን ዝግጅት ነበረን። ጋሼን ወባ ጥሎት ጂንካ ቀረ፤ ዕቃው በእኔ እጅ ሆነ። የጭነት መኪናው መንገዱን ሁሉ እያንገጫገጨ አደረሰን። ማጉያውን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ስፒከሩ እሺ አለ። ያለችን አንዲት ማይክራፎን ግን ጭጭ። ፈትቼ ባያት ውስጧ ያለው ሽቦ ተበጥሷል።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በይ ከመኪናው ኋላ ሂጂና ሥሪው። ሰው ከጠየቀ ጋሼ ሠርቶ የላከው ነው እንላለን።»

«ለምን?»

«እያወቅሽ አትጠይቂኝ! ዘፋኟ አንቺ የነካካሽው መሆኑን ካየች አፏን አታስጠጋም። ዝግጅቱ ተበላሸ ማለት ነው።»

«እዚሁ፣ መድረኩ ላይ ነው የምሠራው።»

«አሻፈረኝ ካልሽ ከቡድኑ ትወጫለሽ። ሁለተኛ ካውያ አትነኪም፣ ጋሼም ቢለምን አልሰማም!»

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ከወናፍና ከሰው ደጅ ሌላ ያገኘሁት ነገር ያ ካውያ ብቻ ነበር። ግን ከመኪና ኋላ ተደብቄ ከሠራሁ፣ ዕድሜ ልኬን ከመኪና ኋላ መሆኔ አይደል? «እንግዲያው ነገ አባረኝ፤ ዛሬ ግን ከእኔ ሌላ የሚበይድ ካለህ ጥራው» አልኩት። አልነበረውም።

ሥጋ ከሚጠብስ ሰው ፍም ለምኜ፣ ከእንጨት የተሠራው መድረክ ላይ የሸክላ ስብርባሪ አስቀምጬ ካውያዬን ማጋል ጀመርኩ። ገበያተኛው ከበበኝ፤ በናው፣ ሐመሩ፣ ፀማዩ፣ የእኛም ሰው። አንዲት ሴትዮ በአሪኛ «የቀጥቃጩ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አለች። ቀና ብዬ በዚያው በአሪኛ «ነኝ» አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ሽቦውን አሞቅኩ። ሊዱ ፈስሶ ገባ። እጄን እንደ ድንጋይ አድርጌ ጠበቅሁ። አበራ። ገጣጥሜ ከንፈሬን ሆን ብዬ ብረቱ ላይ ለጠፍኩና «ሄሎ! ሄሎ!» አልኩ። ገበያው ዞር አለ።

ዘፋኟ ከእኛ ጎረቤት መንደር ናት፣ የገበሬ ልጅ። ድምፅዋ ማር ነው፤ ጠላትም ቢሆን አይክደውም። ማይክራፎኗን በመሐረብ ጠረገቻት። ደግማ ጠረገቻት። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ፣ እባብ እንደ ያዘ ሰው ከፊቷ አርቃ ዘፈኗን ጀመረች። ዘፈኑ ደግሞ ስለ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ ሠርቶ አደሩ ክብር! መዶሻ ስለሚያነሣ ክንድ! ሳቄ መጣ።

ያች ማይክራፎን ደግሞ አፍ ካልቀረባት የማትሰማ ዓይነት ናት። ሕዝቡ «አይሰማም!» ማለት ጀመረ። አንዱ አፏጨ። ኋላ የቆሙት ወደ ገበያቸው መመለስ ያዙ። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ጥግ ሆኖ በጣቱ ድምፁን ጨምሪ እያለ ምልክት ያሳየኛል፤ ፊቱ ቀልቷል። የማጉያው መዘውር እጄ ሥር ነው። ብጨምርላት ከሩቅም ቢሆን ትንሽ ይሰማላት ነበር፤ እሷም አፏን ሳታስጠጋ ዘፍና ትወርድ ነበር።

እጆቼን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ።

ሊቀመንበሩ «ጨምሪ እንጂ አንቺ!» ብሎ ጮኸ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ዘፋኟ መዝፈኗን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አላዘንኩላትም አልልም፤ እኩያዬ ናት፣ ይህን ነገር እሷ አልፈጠረችውም። እኔም አልፈጠርኩትም። ዓይን ለዓይን ተያየን። ማናችንም ዓይናችንን አልሰበርንም።

ከዚያ ክንዷን ቀስ እያለች አጠፈች። ማይክራፎኗ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ አፏ መጣች። ከንፈሯ ብረቱን ሲነካው ስፒከሩ ጧ አለ፤ አልዱባ ገበያ ያለ ሰው በሙሉ ሰማው።

ያን ጊዜ ድምፁን ጨመርኩላት።