የገነቴ ወፍጮ

ገነቴ ወፍጮ ቤቷን ከመክፈቷ በፊት የዚያ ሰፈር ሴቶች እህላቸውን የሚያስፈጩት ሆሳዕና ገበያ ዳር ነበር። ሰፈሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ቶሎ ቶሎ ተሠራ እንጂ ሱቁም መንገዱም አልደረሰለትም። በበጋ ባጃጅ እንደ ምንም ይገኛል። ክረምት ሲገባ ግን ባለባጃጁ ጭቃውን ያይና ከአስፋልቱ ወዲህ አልሻገርም ይላል። ያኔ ጆንያው በጀርባ ነው።

ገነቴ ገበያው አጠገብ በሰው ወፍጮ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የኖረች፣ ዱቄት ከቅንድቧ የማይጠፋ ሴት ናት። ዱራሜ የሚኖረው ወንድሟ አጵሎስ የወፍጮ ሥራውን ሲተው ሞተሩንና ድንጋዩን ጭኖ አመጣላት። ከግቢዋ ጥግ የቆርቆሮ ቤት አቆመች፤ ወፍጮ የሚያዞር የመብራት መስመር እስኪገባላትም ጠበቀች። ሞተሩ የተነሳ ዕለት ሰፈሩ እህሉን ይዞ ወጣ።

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጥላ ፍለጋ ከጎረቤቷ ከጋሽ ብሩ አጥር ሥር ይቀመጡ ጀመር። ጋሽ ብሩ ሆሳዕና ውስጥ ሲያስተምሩ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው። ይህን ቤት የሠሩት ከባለቤታቸው ከእትዬ ሰብሌ ጋር ለእርጅናቸው ነበር፤ ቤቱ ሊያልቅ ሲል ግን የእትዬ ሰብሌ ግራ ጎን አልታዘዝ አለ። አዲሱ ቤት የገቡት በሰው ሸክም ነው። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም።

አንድ ቀን ጋሽ ብሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ገነቴ፣ ክፉ ጎረቤት አትበይኝ» አሉ። «ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ እሷ ትረበሻለች ብዬ እሰጋለሁ።»

ገነቴ ብዙ አላሰበችም። እስኪሻላቸው ይረፍ አለችና ሞተሩን አጠፋች።

ሴቶቹ ወደ ገበያው መንገድ ተመለሱ። ወሩ ሐምሌ ነበር። የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበው ቤቴል እህሏን እንደ ተሸከመች አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች። እግዚአብሔር አተረፋት እንጂ ሁሉም ደነገጠ። ገነቴ የረጠበውን እህል ከቤቷ ምንጣፍ ላይ አሰጣችላት። ነገሩን ቀበሌ እንውሰደው ያሉም ነበሩ፤ እሷ ግን በታመመ ሰው ምክንያት አልከስም ብላ እምቢ አለች። እምቢ ትበል እንጂ ቤቴልን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል።

እሑድ ከጸሎት ስትመለስ፣ ለአጥሚት የሚሆን የገብስ ዱቄት ይዛ እትዬ ሰብሌን ልትጠይቅ ገባች። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ጭር ብሏል። እትዬ ሰብሌ ንግግራቸው ቢዘገይም አእምሯቸው ንቁ ነው። ገና ሳትቀመጥ ወፍጮሽን ምን ነካው ብለው ጠየቋት።

ገነቴ ጋሽ ብሩን አየት አደረገችና ትንሽ እናሳርፈው ብለን ነው አለች።

«ለእኔ ብላችሁ ነው?» አሉ እትዬ ሰብሌ። «እዚህ ሰፈር ተሸክመውኝ ገባሁ። ምን እንደሚመስል አላየሁትም። ወፍጮው ሲነሳ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ሲመጡ ደግሞ ያወራሉ። ሰፈሬ እሱ ነበር።»

ከዚያ የሰሙትን ይነግሯት ጀመር። የማን ላም ጠፍታ እንደ ተገኘች፣ የማን ልጅ ሀደሮ ከተማ እንደ ተዳረች፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች ሁሉ ያውቃሉ። ሴቶቹ ሀዲይኛውንና አማርኛውን እየቀላቀሉ ቢያወሩም፣ ሆሳዕና ላደጉት ለእሳቸው አንድም ነገር አላመለጣቸውም።

ጋሽ ብሩ አንገታቸውን ደፉ። «አልነገርሽኝም እኮ» አሉ።

«አልጠየቅኸኝማ።»

በማግስቱ ወፍጮው ተነሳ። ከምሳ በኋላ እትዬ ሰብሌ ሸለብ ሲያደርጋቸው እንዲቆም ተስማሙ። ጋሽ ብሩ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ አግዳሚ ወንበርም ከአጥሩ ሥር አወጡ። ሴቶቹ ሲመጡ እንዴት አደሩ እትዬ ሳይሉ አይቀመጡም። ቤቴል በሰላም ተገላገለችና አራስነቷን ስትጨርስ ልጇን አምጥታ ከአጠገባቸው አስተኛችላቸው።

ሰው ሲሰበሰብ ሌላውም ተከተለ። አንዷ ሽንኩርትና ጎመን ለመሸጥ ይዛ መጣች፤ ሽብሩ የሚባል ጎልማሳ ጠጉር ቤት ከፈተ። ሰፈርተኛው ተጋግዞ መንገዱን ጠጠር ሲያለብሰው ባጃጆቹም እዚያው ተራ መያዝ ጀመሩ። እትዬ ሰብሌ አዲስ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ያ ደግሞ ምንድነው ይላሉ፤ ገነቴ በመስኮቱ ትነግራቸዋለች።

ለመስቀል ጋሽ ብሩና ገነቴ እትዬ ሰብሌን ግራና ቀኝ ደግፈው በር ላይ ከወንበር አስቀመጧቸው። እትዬ ሰብሌ የቆርቆሮውን ቤት፣ ጠጠሩን፣ በሽብሩ በር ላይ የተሰጣውን ፎጣ አንድ በአንድ አዩ።

«ጠባብ ነው ለካ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ትልቅ ከተማ አድርጌው ነበር።»

ይህን ብለው ሳቁ፤ ጋሽ ብሩም ከታመመች ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አላየኋትም አሉ። ገነቴም እየሳቀች የእትዬ ሰብሌን ነጠላ በትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸውና ተራ የደረሰውን እህል ልትጨምር ወደ ወፍጮ ቤቷ ገባች።