የሁለታችን መንኩራኩር

ትናንት አንድ የብስኩት አከፋፋይ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን አምጥቶ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆለለልኝ። የታተመውን ቀን ሳሳየው ምንም ሳይደነግጥ፣ «ጋሼ፣ በእኛ አቆጣጠር እኮ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ሳቀ። በደጅ የቆመው ሁሉ አብሮት ሳቀ። እኔ ካርቶኑን አንሥቼ ወደ መኪናው መለስሁት፤ በቀስታም አልመለስሁት። በዘመን አቆጣጠር የሚቀለድ ቀልድ አይዋጥልኝም። ምክንያቱን ለባለቤቴ እንኳ በወጉ ነግሬያት አላውቅም።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ፣ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ ጡረተኛ አራት ኮምፒውተር ደርድረው ጌም ቤት ከፍተው ነበር። ሦስቱ ላይ ኳስና የመኪና ውድድር ነው፤ ልጆች ይጮኹባቸዋል። ጥግ ያለው አራተኛው ማንም የማይፈልገው ጨዋታ ነበረበት፤ በሕዋ ላይ የሚነገድበትና የሚዋጉበት። አንዲት አሮጌ መንኩራኩር ይሰጥሃል። ከአንዱ ኮከብ በርካሽ ገዝተህ፣ ጨለማውን አቋርጠህ፣ ሌላው ጋ አትርፈህ ትሸጣለህ። መንገድ ላይ ወንበዴ ይጠብቅሃል፤ ወይ ትተኩሳለህ፣ ወይ ጭነትህን ጥለህ ትሸሻለህ። ንግድ ማን አስተማረህ ለሚለኝ ሁሉ «ገበያው» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ጨዋታው የተሠራው ለአንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን ሁለት ነበርን። አበባው ከመሸንቲ የመጣ የክፍሌ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያ ገበያ ሽንኩርት ይሸጣሉ፣ እሱ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። እኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ዋጋ ግን ይሸተኛል። እሱ ያነባል፣ እኔ እነዳለሁ። እዚህ ኮከብ ላይ ጦርነት አለ ይላል ሲለኝ፣ እንግዲያው መድኃኒት እንጫን እለዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከኪሳችን ቆሎ እየቆረጠምን፣ ያችን አሮጌ መንኩራኩር ወንበዴ ሲያያት የሚሸሻት አደረግናት። ሲያባራ ወደ ሐይቁ ወርደን፣ ደንገሉ ዳር ተቀምጠን፣ አንድ የተጠበሰ ዓሣ ለሁለት እየተሻማን የነገውን መንገድ እንመክራለን። ጨዋታው የአዛዡን ስም ጻፍ ሲል ቦታው ለአንድ ስም ብቻ ነበር። የእኔን ጻፍሁ። አበባው ምንም አላለም። በኋላ ያሳሳተኝ ያ ዝምታው ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ፣ አጽዋማትና በዓላትን በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ። የእሳቸው ልጅ ሆኜ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ የሚታየው የፈረንጅ ዓመት ያሳክከኝ ነበር። የዕንቁጣጣሽ ማግስት ጋሽ ይርጋ ይኸ ማሽን ቀኑም ሰዓቱም አብዷል ሲሉ፣ እኔ ላስተካክለው አልሁና መስከረም ሁለት አደረግሁት፤ ዓመቱንም ሰዓቱንም በእኛ። ጋሽ ይርጋ መረቁኝ። አበባው ግን ማሽኑ የሚያውቀው የእነሱን ብቻ ነውና ተው አለኝ። አንተ ደግሞ የማታውቀው የለም አልሁት።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ አበባው ቀድሞኝ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ባዶ ነው፤ ስምህን ጻፍ ይላል። መንኩራኩሯ የለችም። «ስከፍተው እንዲህ ሆኖ…» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስሁትም። ስሜ በመጻፉ ቀንቶ አጠፋት ብዬ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ወስኛለሁ። ኮሌታውን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የመሸንቲ ምቀኛ! የሽንኩርት ቸርቻሪ ልጅ!» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ይርጋ ጠብ አይወዱም፤ ውጣ፣ ሁለተኛ እንዳላይህ አሉ። እሱን ነው፤ እኔን አይደለም፤ እኔማ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አበባው ደብተሩን አንሥቶ ወጣ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማሽኖቹን የሚያጸዳው ቴክኒሻን መጣ። እየሠራ ሳለ ሳቅ አለና፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ጧት ሲመጣ የጥጉን ማሽን ቀን አንዱ በሐበሻ አድርጎት እንዳገኘው፣ ወደ ቦታው እንደ መለሰው፣ ከዚያም ዓመት ያለፈውን ፋይል ሁሉ ሲጠርግ ሰባት ዓመት ያለፈው የጨዋታ ፋይል አግኝቶ እንደ ጣለው ነገረን። ጋሽ ይርጋም ሳቁ። እኔ በለወጥሁት ቀን የተመዘገበችው መንኩራኩራችን ነበረች። ገና ሦስት ዓመት ባልሞላው ማሽን ውስጥ ሰባት ዓመት ያለፈው ፋይል ከየት መጣ ብሎ ያልጠየቀ ሰው በምን ሒሳብ ባለሙያ ይባላል? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቢሆንም እሱ ያጠፋው አንድ ፋይል ነው።

የገበያቸውን ቀን ጠብቄ መሸንቲ ሄድሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ አደዩ ገና አልረገፈም። አበባው ከእናቱ አጠገብ ቆሞ ሽንኩርት ይመዝናል። እናቱ ማን እንደሆንሁ ሳያውቁ «ና ልጄ፣ አረፍ በል» አሉኝ፤ ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ ያ ነው። የቀኑንም የቴክኒሻኑንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርሁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁት። ሚዛኑን ሳያስቀምጥ ሰማኝ።

«ቀኑ እንደሆነ ያን ዕለት ገብቶኝ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

ጋሽ ይርጋንና ልጆቹን የሚል መሰለኝ። ቀጠለ፤ «እርስዎ ፈረዱ እንጂ አልጠየቁም። አሁን ይሂዱ፣ ገበያ ላይ ነን።» አልጮኸም። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ወንበር ተጣብበን የተቀመጥነው ልጅ፣ ለአባቴ የሚገባውን አክብሮት ሰጥቶ አሰናበተኝ።

አበባው ዛሬ እዚሁ ከተማ ዳር፣ ዘንዘልማ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ አስተማሪ ነው። ሌላ ሱቅ ሳይጠፋ ከእኔ ይገዛል። ቢያኮርፍ፣ መንገድ ቢለውጥ እችለው ነበር። እሱ ግን ይመጣል፣ ባርኔጣውን ያነሣል፣ «እንደምን አሉ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» ይለኛል። እኩያዬ እኮ ነው። ጎረቤቶቼ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው ይሉኛል፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አዎ እላለሁ። እነሱ አክብሮት ይሰማሉ፤ እኔ የተዘጋ በር እሰማለሁ።

አንድ ጊዜ ንዴቴ ጠንቶ ሆን ብዬ ስኳሩን አጎደልሁበት። የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ሚዛን አያመልጠውም፤ አይቶታል። አሁን ኮሌታዬን ይዞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ሌባ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አንዴ «አንተ» ይበለኝ እንጂ የፈለገውን ያስከትል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ስኳሩን አንሥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከልክ በላይ እሞላለታለሁ። ያንንም ያያል። አይጠይቀኝም።