የዘጠና ሁለቱ ቡድን

ሙኽታር ክሪኬት የሚባለውን የኳስና የዱላ ጨዋታ ያወቀው በአርባ ዓመቱ፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ከገባ በኋላ ነው። ያስተማረው ፊት ለፊቱ ያለው አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ፓኪስታናዊው ራሺድ ነበር። የከሚሴው ልጅ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሙኽታር፣ መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትሮ መዋል ብቻ ይመስለው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ኦፍ በሆነ ቁጥር የራሺድን በር ማንኳኳት ለመደ።

ክርክራቸው አንድ ነበር። ራሺድ በ1992 የዓለም ዋንጫ ያነሳውን የፓኪስታን ቡድን የሚስተካከል አልተፈጠረም ባይ ነው። ሙኽታር ደግሞ የዛሬዎቹ ይበልጣሉ ይላል። አስራ ስድስት ዓመት በዚህ ተከራከሩ፤ በዚሁም ተዋደዱ። አንድ ረመዳን፣ ካፈጠሩ በኋላ፣ ራሺድ ለቤተሰቡ እንኳ ያልነገረውን አወጣለት። በወጣትነቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ሙከራ ተጠርቶ ነበር። ሦስት ቀን ኳስ ወረወረ። በአራተኛው ቀን ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። ቡድኑ ያለ እሱ ዋንጫውን አነሳ።

ጁን 2024 ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ የፓኪስታን ቡድን ለጨዋታው አዲስ በሆነው በአሜሪካ ቡድን ተሸነፈ። ጨዋታውን ራሺድ ቤት ሲያዩ ሴት ልጁና ባሏም ነበሩ።

«ውርደት ነው!» አለ ራሺድ። «የዘጠና ሁለቶቹ ቢሆኑ ጨዋታ ያሳዩአቸው ነበር።»

«ተው እንጂ» አለ ሙኽታር እየሳቀ። «እነሱም ዛሬ ቢጫወቱ ይሸነፉ ነበር። የዛሬን ፍጥነት የት ይችሉታል?»

የራሺድ ዓይን ደም ለበሰ። «አንተ ምን ታውቃለህ? ለማወዳደር እንኳ አገርህ ቡድን የላትም!»

«አንተስ ብታውቅ ኖሮ መች ይጥሉህ ነበር?»

አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሙኽታር ግን ቃሉን ሳይጨርስ ታውቆታል።

«ማን ነው የጣለህ፣ ባባ?» አለች ልጅቷ።

ራሺድ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ሄዶ ለሙኽታር በሩን ከፈተለት።

ከዚያ ወዲያ ሙኽታር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት፣ ኮል ቢያደርግ የሚያነሳለት አጣ። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ራሺድ ዓይኑን ከቁጥሮቹ ላይ አይነቅልም። ኦክቶበር ላይ የሕንጻው ተቆጣጣሪ «ራሺድ ሚሲሳጋ ከተማ ልጁ ጋ ሙቭ አደረገ እኮ፣ አልነገረህም?» አለው።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቀው» አለችው ሚስቱ ዛህራ።

ተምር ይዞ ሄደ። ራሺድ በፈገግታ ተቀበለው። ሻይ አስቀረበለት፤ ስለ ሥራው፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት ጠየቀው።

«ያን ቀን የተናገርኩት ነገር...» ብሎ ሙኽታር ጀመረ።

«የቱን ቀን?» አለ ራሺድ፣ ብስኩቱን እያስጠጋለት።

ሙኽታር የሰሞኑን ጨዋታ አነሳ።

«ክሪኬት ማየት ትቻለሁ» አለው ራሺድ። ከዚያ እስከ በሩ ሸኘው፤ ስለመጣም አመሰገነው፣ ልክ እንደ እንግዳ።

ቤት ሲደርስ ዛህራ ጠበቀችው። «ታረቃችሁ?»

«አልተጣላንም አለኝ» አለ ሙኽታር፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ።