ፎዚያ በጅቡቲ የምትጠጣው ሥር

ከድሬዳዋ የተነሣሁት ቅዳሜ ነው። ለንግድ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የላከችኝ ግን እናቴ ናት። ታናሽ እህቴ ፎዚያ ጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ህንዳዊት ቤት ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች። በቅርቡ በስልክ ስታወራ፣ «እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ማዳም የሆነ ሥር በወተት እያፈላች ታጠጣኛለች» አለች። እናቴ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም።

«አዚም ነው! ልጄን እዚያው ሊያስቀሯት ነው። ሂድና ይዘህልኝ ና፤ ብቻህን እንዳትመለስ!»

እኔ ቀፊራ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። አዚም በሚሉት ነገር ብዙም አላምንም፤ የማላውቀው ሥር አለ ሲሉኝ ግን አርፌ መቀመጥ አልችልም። እናቴ ለልጇ ስትጨነቅ እኔ ለሥሩ ጓጉቼ ባቡር ላይ ወጣሁ።

በባቡር

ከሽንሌ ወዲያ አገሩ እየደረቀ ይሄዳል። መጀመሪያ ግራርና ፍየል፣ ቀጥሎ ድንጋይና ፍየል፣ በመጨረሻ ድንጋይ ብቻ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዘምቢላቸውን ማንጎ ሞልተው ነበርና እየላጡ እስከ ድንበሩ፣ እስከ ደወሌ አጎረሱኝ። እዚያ ፓስፖርታችን ታየ። ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ስወርድ የባሕሩ ወበቅ መነጽሬን አደበዘዘው፤ እየጠረግሁ ሚኒባስ ፈለግሁ። ያደርኩት ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር፣ ልብስ የሚነግድ የድሬ ልጅ ወዳጄ ቤት ነው። ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር አቀረበልኝ፤ ጣቴን እስክልስ በላሁ።

ራስ ዲካ

በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ፎዚያ ናት። ከስታለች፣ ዓይኗም ጎድጉዷል። «ሰይዶ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቴ ትክክል ሳትሆን አትቀርም ብዬ ፈራሁ።

ማዳም የሚሏቸው ሴትዮ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ጅቡቲ የተወለዱ የህንድ ነጋዴዎች ልጅ ናቸው። ሶማልኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ «ልትወስዳት ነው የመጣኸው፣ አይደል?» አሉኝ።

«መጀመሪያ የሚያጠጧትን ልየው» አልኩ።

ሳይቀየሙ ቆርቆሮውን አመጡ። ገረጣ ያለ ዱቄት ነው። «የአያቶቼ መድኃኒት ነው። አሽዋጋንዳ ይባላል፤ የፈረስ ሽታ ማለት ነው። እኔም አብሬያት ነው የምጠጣው።»

አሸተትኩት። እውነትም የጋሪ ፈረስ ይሸታል። ቅመም ሻጭ ነኝ ብዬ የምኮራበት አፍንጫዬ ከዚያ በላይ ሊነግረኝ አልቻለም። ቆንጠር አድርጌ በወረቀት ጠቀለልኩ።

ገበያ

በማግሥቱ ጠዋት ወዳጄ አንድ የመናዊ የሥር መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ወሰደኝ። እኩለ ቀን ላይ ጫት ከገባ በኋላ በዚህ ከተማ የሚሸጥልህ የለም ብሎ አስቸኮለኝ። ሻጩ ዱቄቱን ምላሱ ላይ ነካ አደረገና ጠየቀኝ።

«የምትጠጣው እርጉዝ ናት?»

«አይደለችም።»

«የእንቅርት ኪኒን ትውጣለች?»

«ኧረ የለም።»

«ለእነሱ አልሸጥም፤ ለዚህ ነው የጠየቅሁህ። ዱቄቱ በመርከብ ከህንድ ይመጣል፤ ተክሉ ግን ይኸውልህ» ብሎ ከጆንያ ደረቅ ቅርንጫፍ መዘዘ። እንደ ወረቀት በሳሳ ገለፈት የተሸፈኑ ትንንሽ ቀያይ ፍሬዎች አሉት።

ክው አልኩ። የእናቴ አጥር ሥር የበቀለው ነው! «ይሄማ እኛ ጊዜዋ የምንለው ተክል ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ስሙን አንተ ታውቃለህ። ይሄኛው ከእናንተ በኩል የመጣ ነው» አለኝና ሳቀ።

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ የወሎ ሰው ናት። ቡዳ የበላው ሰው ሲመጣላት ጊዜዋ ከሰል ላይ ጨምራ ታጥነዋለች። የታጠነው ሰው ይለፈልፋል፤ ማን እንደበላው ስሙን ጠርቶ ይናገራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለእኛ ነው። ቅርንጫፉን ገዝቼ ወጣሁ።

ምሽት፣ በረንዳው ላይ

ከመግሪብ በኋላ ወተቱ በሦስት ብርጭቆ ቀረበ። ማር ቢገባበትም መረር ይላል። ገና ሳንጨርሰው የፎዚያ ስልክ ጠራ፤ እናቴ ናት። ፎዚያ ስልኩን ጥቂት አየችውና ወደ ውስጥ ይዛው ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«በየማታው ነው?» አልኳት።

«በየማታው። ‹ነይልኝ› እያለች አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ትተኛለች። እኔ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።»

«እንሂድ ካልኩሽስ?»

«ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ሰይዶ። ማዳም ፈረንሳይኛ እያስተማረችኝ ነው። ያመመኝ ጅቡቲ አይደለም፣ አቦ!»

ማዳም አማርኛ ባይሰሙም ገብቷቸው ነበር መሰለኝ፣ የራሳቸውን ወተት ገፋ አደረጉላት።

ድሬዳዋ

ብቻዬን ተመለስኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

«የታለች?»

ቅርንጫፉን ሰጠኋት። አንዴ አሽታ፣ «ጊዜዋ ነው። ይሄን ምን አመጣው?» አለች።

«የምትጠጣው እሱን ነው።»

ቁጣዋ በረደና አጎዛው ላይ ቁጭ አለች። አሁን የምትጠይቀኝ እንደ ባለሙያ ነው። «ታዲያ ለፈለፈች?»

«ለፈለፈች።»

«ማንን ጠራች?»

መዋሸት እችል ነበር። «አንቺን» አልኳት።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። እኔም አፈርኩ፤ ስለ ሥሩ ጅቡቲ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ምንድን ነው ብዬ እህቴን የጠየቅሁት ከሁሉ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ከመመርመር በሽተኛውን መጠየቅ እንደሚቀድም ከዚህ መንገድ ተምሬያለሁ።

ያን ምሽት እናቴ አልደወለችም። በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልኩን አነሣችና፣ «ፎዚዬ፣ ተኛሽ?» አለቻት። መልሱን ሰምታ፣ «አልሐምዱሊላህ። በይ ለማዳምሽ ሰላም በያት» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያለቀሰችው ከዘጋች በኋላ ነው።